የልብስ አጠባ ሂሳብ፦ መጥተው ይውሰዱት ወይስ ሄደን እንጠበው?

ኖቬምበር 2025፣ መነሻ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት፣ አራት ሰው፦ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። የሕንፃው ላውንድሪ ክፍል ቤዝመንት ውስጥ ነው። የቧንቧ መስመር ሊቀየር ነው ተብሎ ተዘጋ። መቼ እንደሚከፈት በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አይናገርም። እዚያ አንድ ዙር ማጠብ 2.25፣ ማድረቅ 2 ዶላር ነበር። በፒጃማ ወርደን የምንጨርሰው ሥራ ስለነበር ስንት እንደሚያወጣን ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

አሁን የቀረልን ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአፕ ሲጠሯቸው ከበር ላይ ወስደው፣ አጥበውና አጣጥፈው የሚመልሱት ናቸው። ሁለተኛው ራሳችን ሄደን ሳንቲም እየጨመርን የምናጥብበት ላውንድሮማት ነው። ባለቤቴ "ይውሰዱትና እንገላገል" አለች። እኔ በኡበርና በሊፍት የታክሲ አፖች ተሳፋሪ ነው የማመላልሰው። ማይልና ደቂቃ መቁጠር ሱስ ሆኖብኛል። ሁለቱንም እንሞክርና ቁጥሩ ይፍረደን ተባባልን።

ሦስተኛ ሐሳብም ነበር፤ ከወጥ ቤት ቧንቧ ጋር የምትገጠም ትንሽ ማሽን መግዛት። የኪራይ ውላችን ይከለክላል። ነገሩ እዚያው አለቀ።

መሣሪያ

ዋናው የሻንጣ ሚዛን ነው። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለበት ቤት አይጠፋም፤ መንጠቆ ያለው፣ በእጅ የሚንጠለጠለው። ሁለቱን ሻንጣ 23፣ 23 ኪሎ፣ ማለትም 50፣ 50 ፓውንድ አድርገን ስናሽግ የኖርነው በሱ ነው። ትክክል መሆኑን ለማየት ያልተከፈተ የ25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት አንጠለጠልንበት። 25.2 አለ። ለካልሲ ይበቃል።

ሌላው፦ ሁለት ትልልቅ የላውንድሪ ከረጢት፣ ከባንክ የመጣ የኳርተር፣ ማለትም የ25 ሳንቲም፣ ጥቅል (አንዱ ጥቅል 40 ፍሬ፣ 10 ዶላር ነው)፣ እና ስልክ ላይ የከፈትኩት ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ዓምዶች ቀን፣ ክብደት፣ ክፍያ፣ ቲፕ፣ ማይል፣ ደቂቃ ናቸው። ደቂቃውን ባለቤቴ "ዝም ብለህ ነው" አለችው። በኋላ ክርክሩ ሁሉ እሱ ላይ ሆነ።

የቤታችን የአንድ ሳምንት ልብስ 38 ፓውንድ ወጣ። አንዳንዴ ሁለት ፓውንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በ38 ነው።

በአፕ የተጠራው

ዋጋው በፓውንድ 1.90 ዶላር፣ የአገልግሎት ክፍያ 4.99፣ ከ20 ፓውንድ በታች አይቀበሉም። ማታ ከረጢቱን በር ላይ አስቀመጥን፤ በማግስቱ ማታ ተጣጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። አስተጣጠፉ ያምራል። የልጆቹ ካልሲ ሳይቀር በጥንድ በጥንድ ተጠቅልሏል። ባለቤቴ ቦርሳውን ከፍታ ዝም ብላ አየችው።

ከዚያ ደረሰኙን አየሁ። 41.5 ፓውንድ ይላል። እኛ ከረጢቱን ስናስወጣ 38 ነበር፤ ሚዛኑ ቁጥሩን እያሳየ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ልዩነቱ 3.5 ፓውንድ ነው፣ በገንዘብ ሲመነዘር 6.65 ዶላር። ፎቶውን በአፕ ላክን። ብዙ ሳይከራከሩ መለሱ። የሻንጣ ሚዛኑ ዋጋውን በአንድ ቀን መለሰ ማለት ነው። በክብደት ለሚያስከፍል ሰው ልብስ የሚሰጥ ሁሉ ከረጢቱን ከቤት ሳያስወጣ መዝኖ ፎቶ ቢያነሳ ጥሩ ነው። ክፋት ሳይኖር እንኳ ከረጢቱ ራሱ፣ ወይም ውስጡ የቀረ እርጥብ ፎጣ፣ በሂሳቡ ሊገባ ይችላል።

ከተስተካከለ በኋላ፦ 38 ሲባዛ በ1.90፣ 72.20። አገልግሎት 4.99። ቲፕ 8። ድምር 85.19 ዶላር። በፓውንድ 2.24 መሆኑ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው 1.90 የሚባለው ቁጥር ቤት ሲደርስ እንደዚህ ያብጣል።

ከኛ የወጣው ጊዜ፦ ከረጢት መሙላትና ማውጣት፣ አሥር ደቂቃ ገደማ።

ላውንድሮማቱ

ላንግሊ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ አካባቢ፣ ከቤታችን 2.5 ማይል። ከዚህ የሚቀርብ አለ፤ ግን ማሽኖቹ ትንንሽ ናቸው። አካባቢው የሳልቫዶርና የጓቲማላ ሰዎች የበዙበት ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ስፓኒሽ ነው። እሑድ ከሰዓት አይኬድም። ማሽን ለመያዝ የሚቆመውን ሰው ያየ ጥምቀት ነው ይላል።

ማሽኖቹ የሚጠሩት በፓውንድ ነው። ባለ 20 ፓውንዱ 4.25፣ ባለ 40ው 7 ዶላር፣ ባለ 60ው በአሮጌው 9.25፣ በአዲሱ 9.75። እዚህ ላይ አንድ ነገር። ባለ 40 ተባለ ማለት 40 ፓውንድ ልብስ ጠቅጥቀህ ታጥባለህ ማለት አይደለም። ልብሱ እየተነሳ ካልወደቀ ውኃው ውስጥ ይዘፈዘፋል እንጂ አይታጠብም። ሦስት አራተኛ ሞልቶ ከላይ አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ሲቀር ነው ደህና የሚሆነው። ስለዚህ የኛ 38 ፓውንድ ወደ ባለ 60ው ገባ።

አሮጌውን መረጥን፣ 50 ሳንቲም ስለሚቀንስ። ድራየሩ በአንድ ኳርተር 6 ደቂቃ ይሰጣል። ልብሱን በሁለት ድራየር ከፈልነው። ፎጣውና ጂንሱ አልደርቅ ብለው እያንዳንዱ 9 ኳርተር በላ፣ 54 ደቂቃ።

ማጠቢያ 9.25፣ ማድረቂያ 4.50፣ ሳሙና 80 ሳንቲም ገደማ። 14.55። መኪናስ? የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ለ2025 ያወጣው የማይል ተመን 70 ሳንቲም ነው፤ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ የመኪናው ዋጋ መውረድ ሁሉ ውስጡ አለ። ልብስ ለማጠብ የተነዳ ከታክስ አይቀነስም፤ ለመለኪያ ግን ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ደርሶ መልስ 5 ማይል፣ 3.50። ጠቅላላ 18.05።

85 እና 18። ለባለቤቴ ሰንጠረዡን አሳየኋት። "አጣጥፈህ ጨርስና እንነጋገራለን" አለችኝ።

የጭመቃ ሙከራ

ድራየሩ 54 ደቂቃ መብላቱ ከነከነኝ። በሚቀጥለው አዲሱን ባለ 60 ሞከርን፤ ስፒድ ኩዊን የሚባል ሥሪት ነው። መጨረሻ ላይ ሲያሽከረክር ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፣ ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን ይመስላል። የፎጣና የጂንስ ከረጢቱን ለብቻ መዘንን። ደረቅ እያለ 12.5 ፓውንድ ነው። ከአሮጌው ማሽን ሲወጣ 22.5 ነበር። ከአዲሱ 19.5 ሆኖ ወጣ። ሦስት ፓውንድ ልዩነት፣ ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ። ያንን ውኃ ማሽኑ በሽክርክሪት ካላወጣው ድራየሩ በእሳት ያወጣዋል፤ እሳቱን ደግሞ በኳርተር የምንገዛው እኛ ነን።

ውጤቱ፦ በድራየር 7 ኳርተር፣ 42 ደቂቃ። ማጠቢያው በ50 ሳንቲም ጨመረ፣ ማድረቂያው በአንድ ዶላር ቀነሰ። ጠቅላላ 17.55፣ በፓውንድ 46 ሳንቲም። ዋናው ትርፍ ግን 12ቱ ደቂቃ ናት። ላውንድሮማት ስትገቡ የማጠቢያውን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ማን የበለጠ ይጨምቃል የሚለውን ጠይቁ። አንዳንዱ ማሽን ላይ የሽክርክሪቱ ጉልበት በቁጥር ተለጥፎ አለ፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ደረቅ ይወጣል።

ሳሙናን በተመለከተ። ሳሙና በበዛ ቁጥር ልብስ ይነጣል የሚለው እምነት ከኦሞና ከሳፋ ዘመን የመጣ ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚጠቀሙት ውኃ ጥቂት ነው። አረፋው ከበዛ ማለቅለቂያው አይወጣውም፣ ፎጣው ደርቆ ይገተራል፣ ሽታ ይይዛል። ታጥቦ ጭቃ። ለትንሹ ማሽን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ለባለ 60ው የዚያ ሦስት እጥፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ መስታወቱ ላይ አረፋ ሲንሳፈፍ ካያችሁ ትርፉን እየከፈላችሁ ነው።

ደግሞ ካርዱ አለ። እዚያው ያለው አንዳንዱ ማሽን ኳርተር አይቀበልም፤ ካርድ ገዝተህ ብር ትሞላለህ። የሚሞላው በ5 በ5 ዶላር ብቻ ነው። የማሽኑ ዋጋ ግን 9.75። ሁልጊዜ የማትጠቅም ሽርፍራፊ ካርዱ ላይ ትቀራለች። ትንሽ ነገር ነው ግን ያናድዳል።

የሰዓት ክርክር

ላውንድሮማቱ ከቤት ወጥቶ እስከ መመለስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እሑድ ካልሆነ። ቤት መጥቶ ማጣጠፍ 40 ደቂቃ። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 67.64 ዶላር። ለሰዓት ሲካፈል ወደ 25 ዶላር ይመጣል። እኔ ነድቼ፣ ነዳጅና የመኪናውን ድካም ቀንሼ፣ ቤት የማስገባው ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ በኔ ስሌት ላውንድሮማቱ ከሥራዬ የተሻለ ይከፍላል። ታክስም የለውም።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። "ማጣጠፉን የምትሠራው ማን ናት? የኔን ሰዓት ባንተ ታሪፍ ነው እንዴ ያሰብከው?" እሷ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገብታ የካልሲ ጥንድ መፈለግ ለሷ 25 ዶላር አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ለዚህ ዓምድ የለም።

አገር ቤት ይህ ሂሳብ አይወራም፤ ልብስ አጣቢዋ በቀኗ ትመጣለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታሰጣለች። የሷ ሰዓት ስንት እንደነበር እኛ ቤት ማንም አስቦ አያውቅም።

ዲሴምበር፣ ፍሬ በፍሬ መመዘን

ማጣጠፉ ከተነሳ ወዲህ ልብሱን በዓይነት ለየነው። ትንንሹን አሥር አሥር እያደረግን መዘንን።

ጂንስ አንዱ 1.5 ፓውንድ ነው። የገላ ፎጣ 1.3። ሁዲ 1.4። የኩዊን አልጋ አንሶላ ከነትራስ ልብሱ 3.5። የባለቤቴ የሥራ ልብስ ከላይም ከታችም 0.9። ቲሸርትና የልጅ ሱሪ 0.4። የውስጥ ልብስ አሥሩ አንድ ፓውንድ። ካልሲ አሥር ጥንዱ 1.2።

ይህንን በ1.90 ስታባዙት ነገሩ ፍንትው ይላል። በአፕ ለሚወስዱት አንድ ጂንስ ለማሳጠብ 2.85 እንከፍላለን። ፎጣ 2.47። በ6 ዶላር የገዛነው ፎጣ ሦስት ጊዜ ከታጠበ የመታጠቢያው ዋጋ ፎጣውን በለጠ። ካልሲ ግን? አንድ ጥንድ ታጥቦ፣ ጥንዱ ተፈልጎ፣ ተጠቅልሎ 23 ሳንቲም ገደማ። የውስጥ ልብስ 19 ሳንቲም።

እነሱ የሚያስከፍሉት በክብደት ነው። ላውንድሮማቱ የሚያስከፍለው በማሽኑ ሆድ ስፋት ነው። የኛ ቤት ድካም ደግሞ በፍሬ ነው፤ ፎጣ ሁለት ጊዜ አጥፈህ ትገላገላለህ፣ ካልሲ ጥንድ ፍለጋ ነው። ከ38ቱ ፓውንድ ውስጥ 22ቱ ከባድ ልብስ ነው፤ ከ25 ፍሬ አይበልጥም። የቀረው 16 ፓውንድ ቀላል ልብስ ነው፤ ካልሲውን በጥንድ ቆጥረን እንኳ ከ70 ፍሬ ያልፋል። ስለዚህ ፍሬው የበዛ፣ ክብደቱ ያነሰ ለነሱ። ከባዱና ፍሬው ያነሰ ለኛ።

መሰናክሉ ወዲያው መጣ። 16 ፓውንድ ከዝቅተኛው 20 በታች ነው። በዚያ ላይ ለከባዱ በየሳምንቱ ላውንድሮማት የምንሄድ ከሆነ ቀላሉን አብረን ብናስገባው የሚጨምረው ጥቂት ዶላር ነው፤ መለየቱ ራሱ ከንቱ ይሆናል። መለየት የሚያዋጣው ጉዞውም ከቀነሰ ነው። ሁለቱንም ወደ ሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አዞርነው፦ በአንዱ ሳምንት 32 ፓውንድ ቀላል ልብስ በአፕ፣ በሌላው 44 ፓውንድ ከባድ ልብስ ላውንድሮማት።

ለዚህ ልብስ መጨመር ነበረበት። የልጆቹ ካልሲና የውስጥ ልብስ 27 ዶላር፣ ለባለቤቴ ሁለት ተጨማሪ የሥራ ልብስ 44 ዶላር። የአንድ ጊዜ ወጪ 71።

ስሌቱ እንዲህ ወጣ። አፕ፦ 60.80፣ አገልግሎት 4.99፣ ቲፕ 6፤ 71.79። ላውንድሮማት፦ ማሽን 9.75፣ ሦስት ድራየር 5.25፣ ሳሙና 1 ዶላር፣ መኪና 3.50፤ 19.50። የሁለት ሳምንት ድምር 91.29፣ በሳምንት 45.65። ከ85 ግማሽ ለመድረስ ጥቂት ቀረው። ባለቤቴ ሰንጠረዡን አይታ "ይሄ ይሻላል" አለች።

ነጠላው

በዚሁ ሰሞን የባለቤቴ ነጠላ ከልጆቹ ልብስ ጋር ተጠቅልሎ ወደ አፑ ሄደ። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነው፣ እናቷ የላኩላት። በሙቅ ውኃ ታጥቦ በሙቅ ደርቆ መጣ። የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ፈሷል፣ ጫፉ ላይ የተቋጨው ክር ተተብትቧል። አቤቱታ ጻፍን። ውሉን ስናነበው ካሳው ለዚያ ኦርደር ከተከፈለው እንደማይበልጥ፣ በእጅ የሚታጠብ ልብስ ከገባ ደግሞ ኃላፊነቱ የደንበኛው እንደሆነ ተጽፏል። ትንሽ ቅናሽ ሰጡን። ለነሱ ነጠላ የአንሶላ ቁራጭ ነው፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም ያጠበው ሰው።

ከዚያ ወዲህ የሀበሻ ልብስ ለብቻው ቅርጫት አለው። ከሱ የሚወጣ ነገር ከቤት አይወጣም።

ጋቢም እዚያው ቅርጫት ገባ። እሱን እንዴት እንደምናጥበው ከታች ፎቅ ያሉ እናት ናቸው ያሳዩን። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ትንሽ ይዘፈዘፍ። ከዚያ በእግር ይረገጥ፤ ልጆቹ ይህን ሥራ ወደውታል። ሁለቴ ይለቅለቅ። "እንዳትጠመዝዘው ልጄ፣ ክሩ ይሳሳል" አሉኝ። እየተጫኑ ውኃውን ማፍሰስ፣ ከዚያ በትልቅ ፎጣ ጠቅልሎ መርገጥ። በረኪና ጥለት ያለው ነገር አጠገብ አይድረስ። ችግሩ ማድረቁ ነው። በረንዳ ላይ ማስጣት በሕንፃው ደንብ ክልክል ነው፤ በብርዱም አይሆንም። ገንዳው ላይ ማስጫ ዘርግተን በቬንትሌተር አደረቅነው። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሻወር ለመግባት ጋቢ ማንሳት ነበረብን። ወጪ፦ ዜሮ ማለት ይቻላል።

ጃንዋሪ፣ የባንኮኒው ዋጋ

ላውንድሮማቱ መግቢያ አጠገብ ባንኮኒ አለ። ከኋላው የምትቆመው ሴት ሚዛን አላት። እስካሁን ሳሙናና ላስቲክ የምትሸጥ ነበር የመሰለኝ። ለካ ልብስ ትቀበላለች። በፓውንድ 1.35፣ ቢያንስ 15 ፓውንድ፣ በማግስቱ ይደርሳል። በአፕ ከሚወስዱት ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማጣጠፍ። የሚጎድለው የደጅ መንኳኳቱ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ ከባዱን ይዘን እዚያው እየሄድን ነው። ቀላሉን ለሷ ሰጥተን የራሳችንን ማጠብ። ማግስቱን ሥራ ላይ እያለሁ በዚያ ሳልፍ አነሳዋለሁ፤ ተጨማሪ ማይል የለውም።

ሚዛኑ ፊት ለፊት ነው፤ ቁጥሩን አብረን እናያለን። 32 ፓውንድ፣ 43.20። ቲፕ 4። 47.20። ከኛው 19.50 ጋር 66.70፤ በሳምንት 33.35። እሷ ጋ ሌላም ጥቅም አለ፦ ማናገር ይቻላል። "ይህ ሸሚዝ ድራየር አይግባ" ስላት ስቴፕለር አንስታ ወረቀት አያያዘችበት። አፑ ላይ ለዚያ "ልዩ አያያዝ" የሚል ቁልፍ አለ፤ ክፍያም አለው።

በጊዜ ደረጃ፦ በሁለት ሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ገደማ። ማጣጠፉ ፎጣ፣ ጂንስና አንሶላ ብቻ ስለሆነ ድራየሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። ቤት ምንም ሳይታጠፍ አይገባም። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ተኝታለች።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም ልብ ብዬ አነበብኩት። ማክሰኞና ረቡዕ እስከ ቀትር ትልልቆቹ ማሽኖች በ2 ዶላር ይቀንሳሉ። ለኔ ማክሰኞ ጠዋት የሞተ ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪ የለም። ወደዚያ አዞርነው። 32.35 በሳምንት። ቅናሹ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ባዶ ቤት ውስጥ ማሽን መምረጥ መቻሉ ነው። የሚጨምቀውን አዲሱን ማንም አይቀድመኝም።

አሁን ያለው ሁኔታ

በሳምንት፣ ለ38 ፓውንድ፦ ሁሉም በአፕ 85.19። ቀላሉ በአፕ፣ ከባዱ ላውንድሮማት 45.65። ቀላሉ ባንኮኒ፣ ከባዱ በራሳችን 32.35። ሁሉም በራሳችን 17.55።

ባለ 17ቱን አልመረጥንም። እኔ ብቻዬን ብሆን እሱን ነበር የምይዘው። ሁለት ልጅና የሌሊት ሥራ ባለበት ቤት የ15 ዶላሯን ልዩነት ለካልሲው ከፍለን ተኝተናል። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጥበታል፤ 40 ፓውንድ ይዞ አውቶቡስ ላይ ከመውጣት ወይም ደርሶ መልስ ራይድ ከመክፈል፣ አፑ ብዙም ውድ ላይሆን ይችላል። ብቻውን የሚኖር ሰውም ዝቅተኛውን 20 ፓውንድ ለመሙላት ሳምንታት መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ለሱ ባለ 20ዋ ማሽን ትበቃዋለች።

አፑን ከስልካችን አላጠፋነውም። ልጆቹ ሁለቱም ሆዳቸውን ሲያማቸው በአንድ ሌሊት አንሶላ በአንሶላ ሆንን። ያኔ 1.90 ተብሎ አይከራከሩም።

የቀረው የአልጋ ብርድ ልብሶቹ ናቸው። አፑ አንዱን 25 ዶላር ይላል፣ በፍሬ እንጂ በፓውንድ አይቀበልም። ባለ 60ው ማሽን ውስጥ ሁለቱ አብረው ይገባሉ፤ በማክሰኞ ዋጋ 7.75፣ ማድረቂያው ምናልባት 4 ወይም 5 ዶላር። ድራየር ውስጥ ሁለት የቴኒስ ኳስ ጣል ማድረግ እንዳይጓጉል ይረዳል ብላናለች የባንኮኒዋ ሴት። ኳሱ ተገዝቷል። ብርዱ ሲለቅ፣ ማርች ላይ፣ እንሞክረዋለን።